የኑሮ ጥራትን በየትኛው መለኪያ? ጣና ዳር ለሚያጠኑ የንጽጽር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ የማስተርስ ፕሮፖዛል የሚጽፍ ሰው «የኑሮ ጥራት» የሚለውን ርዕስ በየትምህርት ክፍሉ ያገኘዋል። የሕብረተሰብ ጤና ተማሪው የስኳር ሕሙማንን የኑሮ ጥራት ያጠናል። ኢኮኖሚክስ ያለው የአርሶ አደሩን ገቢና ወጪ ይቆጥራል። ሳይኮሎጂ ያለችው ስለ ደስታና እርካታ ትጠይቃለች። ዘንዘልማ፣ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ግቢ፣ ያለው ደግሞ ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ ላብራቶሪ ይገባል። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ኑሮ ነው። ውጤታቸው ጎን ለጎን ሲቀመጥ ግን አይገናኝም፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይጋጫል።

መለኪያ ብዙ ጊዜ እንዴት እንደሚመረጥ እናውቃለን። አምና የተመረቀ ልጅ የተጠቀመበት መጠይቅ ከአባሪው ይገለበጣል። አማካሪው «ይሁን» ይላል። አለቀ። ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ ባይ ነኝ። መጠይቅ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ለዩ። የምትለኩት የማንን ኑሮ ነው? የመቼውን? አንዱ መለኪያ የአንድን ሰው የዛሬ ውሎ ያያል። ሌላው የአንድን ቤት ንብረት፣ ሌላው የአንድን መንደር ግንኙነት፣ ሌላው ደግሞ ሐይቁን ራሱን። ከዚያ ሦስተኛው ይከተላል፦ ውጤቱን ማን ሊሠራበት ነው? እነዚህ ከተመለሱ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ነገሩን መሬት ለማስነካት አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እናቁም። ቤቱ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ወደ ፎገራ በኩል ባለው ዳርቻ ነው። አባወራው ዓሣ ያጠምዳል። ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲሸሽ ባህር ሸሹ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ወገቡን ያመዋል። ሚስቱ በእንጨት ታበስላለች። የሚጠጡት ከሐይቁ የተቀዳ ውኃ ነው። መብራት አልገባላቸውም፣ ወለሉ አፈር ነው፣ መጸዳጃው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ልጆቹ ይማራሉ። ቤት ውስጥ አንድ ሞባይል አለ። እምቦጩ መረብ መጥለፍ ከጀመረ ደግሞ ሰነባብቷል። እንግዲህ ይህን ቤት እያንዳንዱ ሙያ ሲያንኳኳ ምን ያያል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጤና ባለሙያው ሲመጣ

ኢኪው-5ዲ የሚባለው መጠይቅ አምስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ መንቀሳቀስ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዕለት ሥራ፣ ሕመም፣ ጭንቀት። አዲሱ ቅጂ ለእያንዳንዳቸው አምስት ደረጃ አለው። 1 ማለት ችግር የለም ነው፤ 5 የመጨረሻው ከባድ ነው። አባወራችን እንደልቡ ይሄዳል፣ 1። ራሱን ይችላል፣ 1። ወገቡ ሥራ ላይ ትንሽ ይይዘዋል፣ 2። ሕመሙ መካከለኛ ነው፣ 3። ጥቂት ይጨነቃል፣ 2። ስለዚህ የእሱ ጤና 11232 ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያሉ 3,125 ጥምረቶች አሉ። ለእያንዳንዱ ጥምረት የኢትዮጵያውያንን ምርጫ ጠይቆ ዋጋ ያወጣ ሰንጠረዥ በ2020 ታትሟል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሌላ አገር ሰው «ይህን ሕመም እንዲህ እጠላዋለሁ» ያለውን ለፎገራ ገበሬ ከመዋስ አድኖናል።

ኢኪው-5ዲ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። «ይህ ሕክምና ለወጣበት ብር ያህል ጤና አስገኘ ወይ?» ተብሎ ለሚጠየቅበት ቦታ ከእሱ የሚሻል አላውቅም። የሚጠይቀው ግን ስለ ጤና ብቻ ነው፤ ያውም ስለ ዛሬ። እምቦጭ ዓሣውን ጨርሶ ቢያስጥለው እንኳ፣ ወገቡ እስካልባሰበት ድረስ 11232 ብዙም ላይነቃነቅ ይችላል።

ኤስኤፍ-36 ጥያቄው ይበዛል፤ 36 ሆኖ ጤናን በስምንት ዘርፍ ከፍሎ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። ለተመላላሽ ታካሚ ጥሩ ነው። ደረጃ መውጣት፣ ኪሎ ሜትር መራመድ እያለ ስለሚጠይቅ ግን ፎቅ ያልወጣ ሰው ጋ ሲደርስ ማስረዳት ይበዛዋል። አልመርጠውም።

እኛ አገር በብዛት የሚሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሁኮል-ብሬፍ ነው። 26 ጥያቄ አለው። ሁለቱ ጥቅል ናቸው፤ ሌሎቹ በአራት ዘርፍ ይከፈላሉ፦ አካል 7፣ ሥነ ልቦና 6፣ ማኅበራዊ ግንኙነት 3፣ አካባቢ 8። የሚጠይቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። ከጤናው ወገን ለጣና ዳር ሰው የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል። ምክንያቱ የአካባቢው ዘርፍ ነው። ደኅንነትን፣ የአካባቢውን ጤናማነት፣ ገንዘብን፣ መረጃን፣ መዝናኛን፣ ቤትን፣ የሕክምና አገልግሎትንና ትራንስፖርትን ይጠይቃል። እምቦጩም፣ የተበላሸው መንገድም፣ ሩቁ ጤና ጣቢያም እዚህ ውስጥ ቀዳዳ ያገኛሉ።

ወጥመዶቹ ግን ሁሌ የሚያዙባቸው ናቸው። ሦስት ጥያቄዎች (3ኛ፣ 4ኛ እና 26ኛ) ነጥባቸው ይገለበጣል። ሳይገለብጥ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ውስጥ የከተተ ተማሪ ሕመም የበዛበትን ሰው ጤነኛ አድርጎ ያወጣዋል። ከዚያ «ያልተጠበቀ ግኝት» ብሎ አንድ ገጽ ይተነትናል።

ሌላው 21ኛው ጥያቄ ነው፤ ስለ ወሲብ ሕይወት እርካታ። ከዩኒቨርሲቲ የተላከች የ24 ዓመት መረጃ ሰብሳቢ ለ60 ዓመት አባት፣ ምራቲቱ አጠገባቸው ቡና እየቀዳች፣ ይህን ስትጠይቅ አስቡት። ወይ ጥያቄው ይዘለላል፣ ወይ ልጅቷ አፍራ ራሷ 4 ትሞላለች። የማኅበራዊ ግንኙነት ዘርፍ የቆመው ደግሞ በ3 ጥያቄ ብቻ ነው። አንዱ ቢጎድል ይሰላል፤ ሁለት ከጎደለ ዘርፉ በሙሉ ይጣላል። አንዱ ሲበላሽ የዘርፉ አስተማማኝነት እንደሚወርድ ሳይታለም የተፈታ ነው። እና የጥናቱ መደምደሚያ «ማኅበራዊ ግንኙነታቸው ዝቅተኛ ነው» ይላል፤ ዕድር፣ ሰንበቴና ማኅበር ሞልቶ በተረፈበት ሰፈር።

ኢኮኖሚስቱ ቤቱን ሲቆጥር

የነፍስ ወከፍ ገቢን እዚህ እንተወው። የሰብዓዊ ልማት መለኪያውም ከ1990 ጀምሮ ስሙ ገናና ነው፤ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን ያጣምራል። የተሠራው ግን አገርን ከአገር ለማወዳደር ነው። ለቀበሌ ጥናት አይሆንም።

ለቀበሌ የሚሆነው በ2010 የወጣው ባለብዙ ገጽታ የድህነት መለኪያ ነው። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለ ማዕከልና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ያወጡት ነው። አሠራሩን ለማየት ጠቅላላውን 18 ነጥብ አድርገን እናስላው። በጤና ሁለት መጠየቂያ አለ፤ እያንዳንዱ 3 ነጥብ። በትምህርት ሁለት፤ እነሱም 3፣ 3። በኑሮ ሁኔታ ስድስት፤ እያንዳንዱ 1 ነጥብ። የጎደለ ሁሉ ይደመራል። 6 እና ከዚያ በላይ ያስቆጠረ ቤት ድሃ ነው።

ወደ አባወራችን ቤት እንመለስ። በጤናና በትምህርት ምንም አልጎደለባቸውም እንበል። የማገዶ እንጨት 1፣ የጋራ መጸዳጃ 1፣ የሐይቅ ውኃ 1፣ መብራት 1፣ የአፈር ወለል 1። አምስት ሆነ። ስድስተኛው የንብረት ነው። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ ጋሪ፣ ብስክሌት፣ ሞተር ሳይክል፣ ፍሪጅ ከተባሉት ከአንድ በላይ የሌለው ቤት፣ መኪናም ከሌለው፣ 1 ነጥብ ይቆጠርበታል። እነሱ ያላቸው ሞባይል ብቻ ነው። ስድስት ሞላ፤ ድሃ ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ወጥተው አንድ ሬዲዮ ቢገዙስ? አምስት ይሆናል። ከድህነት ወጡ፤ «ተጋላጭ» ተባሉ። ውኃው ያው፣ ወገቡም ያው፣ እምቦጩም ያው። በተቃራኒው ሬዲዮው ሳይገዛ አንዱ ልጅ አባቱን ሊያግዝ ትምህርት ቢያቋርጥ በአንዴ 3 ይጨመርና 9 ይገባሉ።

ይህን የምለው መለኪያውን ለማጣጣል አይደለም። እንዲያውም ከቁጥር መለኪያዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ነጥቡ ከየት እንደመጣ ቁልጭ ብሎ ይታያላ። ለወረዳ ጽሕፈት ቤት «ቀበሌው 60 በመቶ ድሃ ነው» ከማለት «ድህነቱን የሠራው ውኃና መጸዳጃ ነው» ማለት ይሻላል። ይህ መለኪያ ያንን ያወጣል። ብቻ ውጤቱን ስትጽፉ ድንበሩ ላይ ያሉትን፣ 5 እና 6 ያመጡትን ቤቶች፣ ለብቻ አሳዩ።

ፍጆታ የሚለካው መንገድ ሌላ ጣጣ አለበት። «ባለፉት 7 ቀናት ምን በላችሁ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። እንግዲህ ሁዳዴ ውስጥ የገባ መረጃ ሰብሳቢና በትንሣኤ ማግስት የገባ ጓደኛው እዚያው ቤት ሄደው ሁለት የተለያየ ቤተሰብ ይዘው ይመለሳሉ። አንዱ ጋ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ዜሮ ነው። ሌላው ጋ ቅርጫ ገብቷል። ነሐሴና ጥርም እንዲሁ ናቸው፤ አንዱ የጎተራ መሟጠጫ፣ አንዱ የእህል መግቢያ። ከዚህም ሌላ ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር ተያይዞ የመጣ ጠያቂ ወይ ለግብር ነው ወይ ለሴፍቲኔት ምዝገባ ነው ተብሎ ይገመታል። በሁለቱም ግምት ላሟ ትደበቃለች።

ገንዘብና ጊዜ የሌለው ተማሪ ባይወርድም ይችላል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር ከ2011 ጀምሮ የሚያካሂደው የማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናት ዳታው በነፃ ይገኛል። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ይህ ትልቅ መፍትሔ ነው። ግን ለክልል ደረጃ ነው የተነደፈው። ለጣና ዳር ወረዳዎች ብቻ ነጥላችሁ ልናገርበት ብትሉ ናሙናው አይበቃችሁም።

እርካታን መጠየቅ

ሳይኮሎጂ ነገሩን ያሳጥረዋል። ከ1965 ጀምሮ የሚሠራበት መሰላል አለ። ታችኛው 0፣ ላይኛው 10 ነው። ላይኛው ሊኖር የሚችለው ምርጥ ኑሮ ቢሆን፣ አንተ የት ቆመሃል? በ1985 የወጣው የሕይወት እርካታ መለኪያ ደግሞ 5 ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ከ5 እስከ 35 ያስቆጥራል። ሥዕሉን ወረቀት ላይ ሥላችሁ ብታሳዩ ያልተማረ ሰውም መሰላሉን ወዲያው ይረዳዋል።

ችግሩ ሰው ይለምዳል። በ1974 አንድ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት፣ ሪቻርድ ኢስተርሊን፣ አገር ሲበለጽግ የሕዝቡ ደስታ አብሮ እንደማያድግ የሚያሳይ መረጃ አወጣ፤ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። ሕንዳዊው ኢኮኖሚስት አማርትያ ሰን ደግሞ ከሌላ በኩል መጣበት። ከልጅነቱ የተነፈገ ሰው ምኞቱንም አብሮ ስለሚቀንስ፣ «ረክቻለሁ» ማለቱ ኑሮው ጥሩ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም አለ። እኛ ጋ ደግሞ ለእንግዳ ሰው ብሶት አይዘረገፍም። ስለዚህ አባወራችን 7 ቢል የምር 7 ነው ወይስ ጨዋነት ነው? መሰላሉን ብቻውን ይዞ መውጣትን አልመክርም። ሌላ መጠይቅ ላይ አንድ ጥያቄ አድርጎ መለጠፍ ግን ወጪ የለውም።

ቁጭ ብሎ ማዳመጥ

የሶሾሎጂና የአንትሮፖሎጂ መንገድ አድካሚው ነው። ሰው ቤት ቡና ይጠጣል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ ደቦ ይወጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ላይ «ናሙናህ ስንት ነው?» የሚል ፈታኝ መግጠሙ አይቀርም። መልሱ 15 ሲሆን ክፍሉ ዝም ይላል።

ግን በኛው አገር የተፈተነ መንገድ ነው። የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ ከ2002 እስከ 2007 በኢትዮጵያ፣ በባንግላዴሽ፣ በፔሩና በታይላንድ የደህና ኑሮን ጉዳይ ያጠና የምርምር ቡድን ነበረው። ቁጥርንም ውይይትንም ይዞ ነው የወረደው። ከመንደሮቹ አንዷ ምሥራቅ ጎጃም ያለችው የትመን ናት። የትመን ኢኮኖሚስቶች ለዓመታት በሄዱበት የገጠር ቤተሰቦች ጥናት ውስጥም አለች። ያው መንደር በሁለት ዓይን ታየች ማለት ነው። ጎጃም ላይ ለሚሠራ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አይገኝም።

ይህ መንገድ የግድ የሚሆንበት ቦታ አለ። የጣናን ታንኳ ከደንገል የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ኑሮ ምን ይመስላል ብላችሁ ከተነሳችሁ፣ የሁኮል-ብሬፍ 26 ጥያቄ ዋናውን ነገር ያልፈዋል። መገለል በቤት ዕቃ አይቆጠርም። ማን ከማን ጋር ይበላል፣ ማን ማንን ያገባል፣ የሚያርፉበት የሐይቅ ዳር ነገ የማን ይሆናል፣ ደንገሉ ሲመናመን ሙያው ወዴት ይሄዳል የሚለው በነጥብ አይወጣም። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነም በዘፈቀደ ናሙና ውስጥ ጠፍተው ይቀራሉ። እዚህ ላይ መጠይቅ መያዝ ጊዜ ማቃጠል ነው እላለሁ።

ሐይቁን የሚለኩት

የጣና ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ደግሞ ከዳር የገባበትን ሁሉ ቶሎ ያሳያል። የዘንዘልማው ተማሪ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ሳህን በገመድ ውኃው ውስጥ ይለቅና ዓይኑ መለየት ሲያቅተው ገመዱን ይለካል። ኦክስጅኑን፣ ናይትሬቱን፣ ባክቴሪያውን ይመረምራል። ዓሣው እንዴት እንደሆነ ይቆጥራል። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከ2011 ወዲህ፣ በተለይም አካባቢው በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ይህ ዓይነቱ ጥናት በዝቷል።

ጥንካሬው ግልጽ ነው፤ ውኃ አያፍርም፣ ለሴፍቲኔት ብሎ አይዋሽም። ድክመቱ የሚመጣው «የውኃው ጥራት ወረደ፤ ስለዚህ የሰዉ ኑሮ ወረደ» ብሎ ሲዘል ነው። ውኃው ሲሸሽ ለዓሣ አጥማጅ ኪሳራ ነው። ባህር ሸሽ ለሚዘራው ግን መሬት ተጨመረለት ማለት ነው። አባወራችን ሁለቱም ነው፤ በአንድ ወቅት ከሐይቁ መሸሽ ያተርፋልም፣ ይከስራልም። ይህን ሂሳብ የሚያወራርደው ሳህኑ ሳይሆን ሰውየው ነው። የውኃ ጥናት የምትሠሩ ሰዎች ምዕራፍ አራት ላይ ስለ «ማኅበረሰቡ ኑሮ» ሁለት አንቀጽ ከመለጠፍ፣ ወይ ተዉት ወይ ሶሾሎጂ ያለ ጓደኛ ይዛችሁ ውረዱ።

ታዲያ የቱን?

ውጤቱ ሆስፒታል ውስጥ የሚቀር ከሆነና የገንዘብ ውሳኔ ከኋላው ካለ ኢኪው-5ዲ። ሕመምተኛው ቤቱ ሲገባ እንዴት ይኖራል የሚለው ከሆነ ሁኮል-ብሬፍ። ቀበሌ ወይም ወረዳ ምን ላስቀድም ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ባለብዙ ገጽታው። ትንሽና የተገለለ ማኅበረሰብ ከሆነ ማዳመጥ። ስለ ሐይቁ ከሆነ ሐይቁን ለኩ፤ የሰውን ኑሮ ከሱ አትገምቱ። ለውጥን በጊዜ ውስጥ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ ያሉ ወደ 3,000 ልጆችን እየተከታተለ ያለውን የያንግ ላይቭስን ዳታ ይመልከት። አማራ ክልልም ውስጡ አለ። በአንድ ጊዜ ጉብኝት «ኑሮ ተሻሻለ» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ሦስት አራት መጠይቅ ደርድሮ መውረድን ተዉት። አንድ ሰዓት ተኩል የተቀመጠ መላሽ መጨረሻ ላይ ሁሉንም 3 ይልላችኋል። አንድ የቁጥር መለኪያ ምረጡና ከእሱ በፊት ከስምንት እስከ አሥር ከሚሆኑ ሰዎች ጋር ተጨዋወቱ። ከእሱ በፊት ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ብዙ ሰው ውይይቱን የሚያደርገው ቁጥሩ አልገባው ሲል፣ ማብራሪያ ፍለጋ ነው። ቀድሞ ቢደረግ ግን የትኛው ጥያቄ ሰዉን እንደሚያሳፍር፣ ማን ለማን መጠየቅ እንዳለበት፣ በየትኛው ወር መውረድ እንደሚሻል ያኔ ይታወቃል። ሴቶቹን ሴት ትጠይቅ። ሊቀመንበሩ አስተዋውቆ ይመለስ። የሰበሰባችሁበትን ወርና ጾም ይሁን ፍስክ መሆኑን ዘዴው ምዕራፍ ላይ ጻፉት፤ በኋላ ከሌላ ጥናት ጋር የሚያነጻጽር ሰው ይፈልገዋል።

ስለ ፈቃድም አንድ ነገር። ኢኪው-5ዲ ባለቤት አለው፤ አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። ሁኮል-ብሬፍም ከድርጅቱ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ኤስኤፍ-36 የግድ ካላችሁ ራንድ የተባለው ተቋም ያወጣውን ነፃ ቅጂ ውሰዱ፤ የሚሸጥ ቅጂ ስላለው። የሁለቱ የመጀመሪያዎቹ አማርኛ ቅጂ ስላለ ራሳችሁ እንደ አዲስ አትተርጉሙ። ደብዳቤው እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ጥያቄውን ፕሮፖዛሉ ሳይጸድቅ ላኩት።